ጉና ላይ የሰማሁት ሞተር

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ራሴ ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ሳቄን መያዝ እያቃተኝ ወደ ጓዳ ከሚገቡት ሰዎች ነኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ፣ ጉም ማለት መሬት ላይ የተኛ ደመና ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም እያልኩ ስንቱን ተማሪ አሳልፌያለሁ፣ ከግቢያችን ጥድ ሥር ነጭ የለበሰች ሴት ትታያለች ተብሎ ጎረቤቱ ሲሸበር እንኳ ገመድ ላይ የተሰጣውን የራሴን ነጠላ አውርጄ ያሳየሁ ሰው ነኝ። አሁን የማወራላችሁን የማወራው አምኜበት አይደለም፣ ስለደረሰብኝ ነው። እመኑኝ፣ ባይደርስብኝ በወደድኩ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ነው። አባቴ በንጉሡ ዘመን የደብረ ታቦር ስልከኛ ነበር፣ ያኔ ስልክ እጀታው እየተዘወረ፣ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ «ሃሎ፣ ይሰማል ወይ» እየተባለ የሚጮህበት ነገር ነው፣ እና አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቤት ውስጥም ቢሆን ሲያወራ ትንሽ ይጮህ ነበር። ልጅ ሆኜ ተረት ንገረኝ ስለው ተረት አያውቅም፣ የሚነግረኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር፣ ካፒቴን አስረስ የጠፋበትን ቀን።

ካፒቴን አስረስ የአገራችን ልጅ ነው፣ ከደብረ ታቦር ወጥቶ አውሮፕላን ያበረረ የመጀመሪያው ሰው። አንድ የክረምት ቀን ትንሽ አውሮፕላን ላይ ፖስታ ጭኖ ብቻውን ከባሕር ዳር ተነሳ፣ የሚያርፈው እዚሁ ደብረ ታቦር ሜዳ ላይ ነበር፣ ሚስቱ የሁለት ዓመት ሴት ልጃቸውን አዝላ ሜዳው ዳር ቆማ ትጠብቃለች፣ ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ ከተማውን ጉም ዋጠው። አባቴ ስልኩ ላይ ነበር። መጀመሪያ ከሐሙሲት ተደውሎ «አልፎናል» ተባለ፣ ቀጥሎ ድምፁ ራሱ መጣ፣ ከከተማው በላይ ሁለት ጊዜ ዞረ፣ ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ አንጋጠጠ፣ የሚታይ ነገር የለም፣ አንዳንዱ ሽቅብ ይጮሃል፣ አንዳንዱ ጋቢውን ያውለበልባል፣ ከዚያ ድምፁ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጉና በኩል እየቀጠነ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ጉና ግርጌ ካለችው ከጋሳይ ተደወለ፣ «ከላያችን አለ፣ ግን አይታይም» አሉ። ከዚያ በኋላ የደወለ የለም።

ሳምንታት ተፈለገ። አንድ ሰው ጣና ላይ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ስለማለ ፈላጊው ሁሉ ወደ ጣና ዞረ፣ አባቴ ጋሳይ ጋሳይ እያለ ቢወተውት ማን ይስማው፣ ተራ ስልከኛ ነው፣ በመጨረሻ ፍለጋው ቀረ። አባቴ ይህን ሲጨርስ ሁልጊዜ እጁን ያያል። «ከሐሙሲትም አወራሁ፣ ከጋሳይም አወራሁ፣ ከእሱ ጋር የሚያገናኝ ሽቦ ግን አልነበረኝም» ይለኛል።

እንግዲህ ይህ ነገር እኔ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ሌላው ሰው በክረምት ዘመድ ይጠይቃል፣ እኔ ደብተርና ካርታ ይዤ በጉና ዙሪያ ሽማግሌ ፍለጋ እሄዳለሁ፣ ያን ቀን ድምፅ የሰማ፣ ያየ፣ ከሰማ የሰማ ሰው ሁሉ የተናገረውን ስጽፍ አሥራ አንድ ደብተር ሞላሁ። የጉናን ካርታ አሁን ዓይኔን ብትሸፍኑኝ እስላችኋለሁ፣ የትኛው ሸንተረር የት እንደሚያልቅ፣ ገደሉ ከየት እንደሚጀምር። ባለቤቴ መኮንን «እኔን ያገባሽኝ እሱ ስለጠፋ ነው» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ቀልዱ ያበቃው እትዬ ወርቄ ሲታመሙ ነው። እትዬ ወርቄ ያች ሜዳው ዳር የታዘለችው ሕፃን ናቸው፣ ዛሬ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ልጅም ባልም የላቸውም። እናታቸው «ሞቱን ያየ የለም» ብላ ጥቁር ሳትለብስ፣ ፍትሐት ሳታስደርግ ነው የሞተችው። እና አምና ሐምሌ ላይ እትዬ ወርቄ አስጠሩኝ፣ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ እጃቸው ክብሪት እንጨት አክሏል።

«ሰርኬ፣» አሉኝ፣ «ስለ አባቴ አምሳ ጊዜ ጠይቀሽኛል፣ እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ልለምንሽ። እኔ ሳልሞት እሱ ይቀበር። ጣትም ይሁን፣ ቁልፍም ይሁን፣ የሱ የሆነ ነገር አምጪልኝና ስሙ ይጠራ።»

ምን ልበላቸው፣ እሺ አልኩ።

የሚገርመው፣ ፍልሰታ እንደተፈታ ስልኬ ጮኸ፣ የደወሉት አያ ደሴ ናቸው። አያ ደሴ ከጋሳይ በላይ ጉና ወገብ ላይ ድንችና ገብስ የሚያርሱ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ደብተሬ ላይ ከጻፍኳቸው ሰዎች አንዱ ናቸው፣ የዚያን ጊዜ «ምንም አላውቅም» ብለውኝ ነበር፣ እኔም እሱኑ ነው የጻፍኩት። አሁን ግን «መምህርት፣ ከላይኛው ማሳ የውሃ መውረጃ ስቆፍር ብረት አገኘሁ፣ ቀላል ነው፣ ዝገት አልነካውም፣ ያንቺ ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ። መንገዱ ያን ሰሞን እንደልብ የሚኬድበት አልነበረም፣ ሚኒባስ ሁለት ቀን ሄዶ ሦስት ቀን ይቆማል፣ የተከፈተ ዕለት ጠዋት ጋሳይ ወረድኩ፣ አያ ደሴ በቅሎ ይዘው ቆመው አገኘኋቸው።

ብረቱን ቤታቸው ገብቼ አየሁት፣ መዳፍ ያህል ነው፣ አንድ ጠርዙ ተቀዷል፣ በሌላው ጠርዝ ተርታውን የምስማር ቀዳዳ አለው። አሉሚኒየም ነው። ሠላሳ ዓመት የፈለግኩትን ነገር ስይዝ እንባዬ ይመጣል ብዬ አስብ ነበር፣ አልመጣም፣ እንዲያው እጄን በረደኝ። የአያ ደሴ ሚስት የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረቡልን፣ በላንና የተገኘበትን ቦታ ለማየት ወጣን።

ልብ በሉ፣ ጠራራ ቀን ነው፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። በቅሎዋ ላይ እስከ ገብሱ ማሳ ሄድኩ፣ ከዚያ ዳገቱ ሲብስ ወርጄ በእግሬ፣ አያ ደሴ በቅሎዋን እየሳቡ ከፊት፣ እኔ እያለከለክሁ ከኋላ፣ የጓሳ ሣሩና ሰው የሚያህለው የጅብራ ተክል ያለበት ደረስን። ሰው የሚነግረኝን ሁሉ በስልኬ መቅዳት ልማዴ ነው፣ አያ ደሴ ስለ ቦታው እንዲነግሩኝ መቅጃውን ከፍቼ ስልኩን የሹራቤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። እዚያ ላይ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም፣ ይህን ያዙልኝ፣ አንድም መስመር አይታይም።

ጉሙ የመጣው ከታች ነው። አንድ ጊዜ ጋሳይ ከሥራችን ቆርቆሮው ሲያብለጨልጭ ይታያል፣ ዞር ብዬ ስመለስ የለም፣ ከዚያ ማሳው የለም፣ ከዚያ የበቅሎዋ ጭራ ብቻ ቀረ። እንዲህ ያለ ጉም ጉና ላይ ብርቅ አይደለም፣ አልደነገጥኩም። ብቻ ዝምታው ከበደኝ፣ ቅድም የሚጮኸው ቁራ ቀጥ አለ፣ የራሴ ጫማ እንኳ ጓሳውን ሲረግጥ ድምፅ የለውም።

ከዚያ ንብ ሰማሁ። ማሰሮ ውስጥ የገባች ንብ የምታሰማው ዓይነት ነገር፣ ከሩቅ፣ እና ስሙኝ፣ ከላይ አይደለም፣ ከታች ነው፣ ከሸለቆው ውስጥ።

«አያ ደሴ፣ ይሰማዎታል?» አልኳቸው።

«ነፋስ ነው» አሉኝ።

ነፋስ የለም። ጉሙ ራሱ አይንቀሳቀስም።

«ከታች የሚመጣውን ነው የምልዎት።»

«ነፋስ ነው አልኩሽ። አትቁሚ፣ ዝም ብለሽ ተራመጂ።»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ነበረ፣ ያን ያህል ጊዜ ሳውቃቸው ተቆጥተውኝ አያውቁም። ተራመድኩ። ድምፁ ግን ወፈረ፣ ሞተር መሆኑ ለየ፣ ያውም የመኪና አይደለም፣ እየዞረ ነው፣ በግራዬ ይመጣል፣ ከኋላዬ ያልፍና በቀኜ ይርቃል፣ እንደገና በግራ ይመጣል። በቅሎዋ ቆመች። አያ ደሴ ልጓሙን ቢስቡ፣ ቢገፉ፣ እምቢ፣ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ቆመች። ሦስተኛው ዙር ላይ ሞተሩ ሳል እንደያዘው ሰው ትር ትር አለ፣ ቀጥ አለ፣ እንደገና ተነሳ፣ እና ከራሴ በላይ አለፈ። ከራሴ በላይ ስላችሁ፣ አጠገቤ ያለው ጅብራ ከሥሩ ተንቀጥቅጦ ቅጠሉ ላይ ያለው ውሃ ፊቴ ላይ ረገፈ፣ ቤንዚን ሸተተኝ። ቀና ብል ነጭ ነው። ነጭ ብቻ።

ከዚያ ድምፁ ጠፋ። የመውደቅ ድምፅ አልነበረም፣ ፍንዳታ አልነበረም፣ ዝም ብሎ ጠፋ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሁለት ደቂቃ፣ ቢበዛ ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ በዚያ መሃል ያደረግኩት ነገር ካለ ትንፋሼን መሰብሰብ ብቻ ነው። እንዲህ ብዬ መስቀል ይዤ እምላለሁ።

ጉሙ ሲገለጥ አያ ደሴ ከእኔ ሃያ እርምጃ ያህል ርቀው ቆመዋል፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ጨረስሽ?» አሉኝ።

«ምኑን?»

ባርኔጣቸውን ደፍተው በቅሎዋን መሳብ ጀመሩ። ዓይኔን አላዩኝም። ላይኛው ማሳ ደርሰን የቆፈሩትን ቦይ አየሁ፣ ጭቃና ውሃ ነው፣ በዶማ ብንቆፍር ብንቆፍር ሌላ ምንም የለም፣ አያ ደሴ እየደጋገሙ «እንውረድ» ይላሉ፣ ወረድን። ጋሳይ መኪና ላይ ሲያሳፍሩኝ እንኳ እንደ ወትሮው ሦስት ጊዜ አልሳሙኝም፣ ብረቱን በፌስታል አድርገው ሰጡኝና ሄዱ።

ቅጂውን የሰማሁት በማግስቱ ነው፣ ቁርስ ላይ፣ መኮንን አጠገቤ ተቀምጦ። ስለ ሞተሩ ስነግረው «ከፍታው ነው፣ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነው፣ ጆሮ ይጮሃል» ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ነው፣ እኔም ተማሪ ቢጠይቀኝ የምመልሰው እሱኑ ነው። እንግዲያስ ስማ ብዬ ከፈትኩለት።

ሞተር የለም። እርምጃዬ አለ፣ ማለክለኬ አለ፣ «አያ ደሴ፣ ይሰማዎታል» ማለቴ አለ፣ «ነፋስ ነው» ማለታቸው አለ፣ ሞተር ግን አንድም ቦታ የለም። መኮንን ገና ሳቅ ሊል ሲል ድምፄ መጣ። የእኔ ድምፅ ነው፣ አይጠረጠርም፣ ግን ለስላሳ ነው፣ የታመመ ልጅ የምታባብል ሴት እንደምትናገረው።

«አዎ፣ ይሰማኛል» ይላል። ዝም። «አይዞህ፣ አንተ ብቻ ተናገር።» ረዘም ያለ ዝምታ። «ደብረ ታቦርን አልፈኸዋል፣ ከኋላህ ነው።» ዝም። «አውቃለሁ፣ እዚህም ነጭ ብቻ ነው።» ዝም፣ ዝም፣ በቅሎዋ ፉር ስትል ይሰማል። ከዚያ፣ «ዝቅ በል። አዎ፣ ዝቅ በል፣ ከሥርህ ሜዳ ነው። እኔ ቆሜበታለሁ።»

ቀጥሎ የሚሰማው የአያ ደሴ «ጨረስሽ?» ነው።

ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ሰዓቱን ያዝኩ፣ አሥራ አራት ደቂቃ ነው። አሥራ አራት ደቂቃ አውርቻለሁ። መኮንን መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ማንን ነው አንተ የምትይው?» አለኝ።

ምን ብዬ ልመልስለት? ራሴን ስታሁ ልበል፣ ቀባዠርኩ ልበል፣ ይሁን፣ ሰው ይቀባዥራል። የማይለቀኝ ግን ሌላ ነው። እዚያ ሜዳ የለም። የተቀመጥኩበት ድንጋይ ሥር ገደል ነው፣ ከገደሉ ማዶ ሌላ ሸንተረር ነው፣ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም፣ ታዲያ ለምን ሜዳ ነው አልኩት?

ብረቱን ለእትዬ ወርቄ የወሰድኩት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጌ ጉልበታቸው ላይ ሳስቀምጥላቸው አላለቀሱም፣ በጣታቸው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሱ ቆዩ። የንስሐ አባታቸውም አጠገባችን ተቀምጠዋል።

«ሰርኬ፣» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ብቻውን ነበር?»

«እንዴት እትዬ?»

«ሲሞት። ማንም ከሱ ጋር አልነበረም? እኔ ሕይወቴን ሙሉ የምፈራው እሱን ነው፣ እዚያ ላይ ብቻውን እየተጣራ የሚሰማው አጥቶ።»

አፌ ቀደመኝ። «ብቻውን አልነበረም» አልኳቸው። «ሰው ያነጋግረው ነበር።»

ያኔ አለቀሱ፣ የደስታ ለቅሶ፣ እጄን ይዘው ሳሙት፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት እጄን ሳሙ፣ እኔ ደግሞ እጄን መንጠቅም መተውም አቅቶኝ ቁጭ አልኩ። የንስሐ አባታቸው ፈቅደው ፍትሐቱ ተደረገ፣ ብረቱ በትንሽ ሳጥን ሆኖ ከእናታቸው መቃብር ጎን ተቀበረ፣ ከተማው ግማሹ መጥቶ ነበር፣ ሰው ሁሉ እየመጣ «አንቺ አገኘሽው፣ እግዜር ይስጥሽ» ይለኛል። ቀና ብዬ ማንንም አላየሁም። እትዬ ወርቄ በዚያው ተሻላቸው፣ አሁን በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ባዩኝ ቁጥር ይመርቁኛል፣ እኔም ከሩቅ ሳያቸው መንገድ መቀየር ጀምሬያለሁ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት እየረሳሁት እሄድ ነበር። ጥቅምት ውስጥ፣ እረፍት ሰዓት ላይ፣ የመምህራን ክፍል ተቀምጬ ፈተና ሳርም አያ ደሴ ደወሉ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ጋሳይ ገበያ ላይ ናቸው፣ ከኋላቸው ግርግሩ ይሰማል።

«መምህርት፣ ባለፈው ረቡዕ ወዲህ ወጥተሽ ነበር?»

«አይ፣ ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ክፍል ነበርኩ። ምነው?»

«እንግዲያስ ትቼዋለሁ» አሉ።

«አያ ደሴ፣ እባክዎ ይንገሩኝ።»

«ሞተሩ መጣ» አሉኝ። «እሱስ የለመድነው ነው፣ ጉም ሲሆን አባቴም ይሰማው ነበር፣ እኛ ልጅ ሆነን 'አልሰማሁም በሉ፣ አትመልሱለት' ተብለን ነው ያደግነው። ለዚህ ነው ያን ጊዜ አላውቅም ያልኩሽ። ሲመልስለት ያየሁት ሰው አንቺን ብቻ ነው። አሁን ግን ብቻውን አይመጣም። ሴት አብራው ታወራለች። ሚስቴም ሰምታለች፣ ማሳ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«የእኔ ድምፅ ነው?»

ከገበያው ግርግር ሸሽተው ሲራመዱ ይሰማኛል።

«ምን ትላለች አያ ደሴ?»

«ይሄን በስልክ አልነግርሽም» አሉኝ። «ጥርት ያለ ቀን ጠብቀሽ ነይ፣ በአካል እነግርሻለሁ።»

ይህ ከሆነ ሁለት ወር አልፏል። ጠዋት ተነስቼ ጉና ጥርት ብሎ ሲታየኝ ዛሬ ልሂድ እላለሁ፣ ለመኮንን ሳልነግር ሹራቤን ደርቤ መናኸሪያ ድረስ እወርዳለሁ፣ ረዳቱ «ጋሳይ፣ ጋሳይ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ መኪናው ሞልቶ እስኪሄድ አያለሁ።